የእትዬ ካውያ የእድፍ መዝገብ

በየቤተሰቡ፣ ጣራው እየነደደ "ትንሽ ሞቅ አላችሁ እንዴ?" ብሎ መስኮት የሚከፍት አንድ ሰው አይጠፋም። በትኩሳት ግሎ ሲገኝ "ፀሐይ ላይ ቆይቼ ነው" ይላል። አዳልጦት ሲወድቅ "የወደቀ ነገር ላነሳ ነው" ይላል። ሐኪም ቤት የሚሄደው ሌላ ሰው ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ እዚያም የሰጡትን ወንበር ለሌላ ጠያቂ ለቆ ግድግዳ ይደገፋል። ምን ሆነህ ነው ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ምን ሆኜ?" ስለዚህ እነዚህን ሰዎች "ምን ሆኜ" ባዮች እላቸዋለሁ። እናንተም ቤት አንድ አለ። ፈልጋችሁ ካጣችሁት ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤት "ምን ሆኜ" ባይ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ክብርት እትዬ ካውያ ናቸው። ካውያ የወጣላቸው ስም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንደሪ ውስጥ፣ በአንድ መተኮሻ ጠረጴዛ ፊት፣ በሁለት እግራቸው ቆመው የሰው ልብስ ተኩሰዋል። ፊት ለፊት "አንቺ" ነው የምላቸው፤ በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸውን አልነፍግም። ይህችን ጽሑፍ እንደሚያነቧትና እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጠው እንደሚመረምሯት አውቃለሁና።

እትዬ ካውያ ስለ ሸሚዝ ሲናገሩ ፍርድ የሚያነቡ ይመስላሉ። "ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሃል ነው የሚተኮሰው። ከመሃል ወደ ጫፍ የሚተኩስ ሰው ሌላም ነገር ከማድረግ አይመለስም።" ደከመኝ ያለ ሰው ደግሞ ቢገጥማቸው "ሸሚዝ ይጨማደዳል እንጂ ሰው አይጨማደድም" ብለው ቀና ያደርጉታል። ባለላውንደሪው አንድ ጊዜ አዝኖላቸው ከፍ ያለ በርጩማ ገዛላቸው። አመሰገኑት፣ መረቁት፣ ከዚያ የታጠፉ አንሶላዎች ደረደሩበት። ስምንት ዓመት አንሶላ ተቀመጠበት። ለምን እሳቸው እንደማይቀመጡ ስጠይቃቸው፣ ተቀምጦ የተተኮሰ ልብስ ያስታውቃል አሉኝ።

"ምኑ ያስታውቃል?"

"ይሰንፋል።"

ከጠረጴዛው ጎን በገመድ የታሰረ ደብተር ነበር፤ የእድፍ መዝገብ ይሉታል። ልብስ ሲገባ ያለበት እድፍ ሁሉ ይጻፍበታል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የት ላይ እንዳለ፣ ስንት ቁልፍ እንደሚያህል። እትዬ ካውያ ከሴንቲሜትር ጋር አይተዋወቁም፤ መለኪያቸው የሸሚዝ ቁልፍ ነው። መዝገቡ የሚያዘው ደንበኛ ኋላ መጥቶ "እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት" እንዳይል ነውና ቀልድ የለበትም። አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ሰው ፊት "ምንም አልሆንኩ" የሚሉት እትዬ ካውያ፣ ብዕር ይዘው መዝገቡ ላይ ሲያጎነብሱ ሌላ ሴት ነበሩ።

እግራቸው ግን በየትኛውም መዝገብ አልነበረም፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ መስሎን ነበር። ከዓመት ዓመት ቀሚሳቸው እየረዘመ ካልሲያቸው እየወፈረ ሲሄድ፣ እኛ ሞኞቹ ዕድሜ ነው አልን። አመሻሽ ላይ ጫማቸው አልገባ ሲላቸው "ጠበበ" ብለው ሌላ ገዙ። እሱም ጠበበ። "የዛሬ ጫማ ሠሪ ቆዳ ይሰርቃል" አሉ። የስንቱ ጫማ ሠሪ ስም በከንቱ ጠፋ!

ጉዱን ያወጣው አንድ ነጭ አንሶላ ነው። እያጠፉት ሳለ ጫፉ እግራቸውን ታክኮ ኖሮ፣ መልሰው ሲዘረጉት እርጥብ፣ ቀላ ያለ ምልክት ታየበት። አጣቢዋ ባልደረባቸው ከደንበኛው ጋር የመጣ መስሏት መዝገቡን ገለጠች። መዝገቡ "ንጹሕ" ይላል፤ በራሳቸው በእትዬ ካውያ የእጅ ጽሑፍ። ያን ጊዜ ወደ ታች አዩ። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ካልሲው ረጥቧል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው እድፍ ሲያስለቅቁ ኖረው፣ የገዛ እግራቸው የደንበኛ አንሶላ አሳደፈ። ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ሕመሙ አይደለም፤ ሐፍረቱ ነው።

ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ናት። እግራቸውን በአልትራሳውንድ አየችና አስረዳችን። ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚዘጉ ትንንሽ በሮች በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ አሉ። የእትዬ ካውያ በሮች ላልተዋል፤ ገርበብ ብለው ቀርተዋል። ስለዚህ ደሙ እታች ይጠራቀማል፣ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቆስላል። ቆሞ በሚውል ሰው ላይ ደግሞ ቁስሉ ቢድንም ተመልሶ ይከፈታል።

"ከእንግዲህ ቆሞ መዋል የለም" አለቻቸው። "እግርዎ በሚያጠብቅ ፋሻ ይታሰራል። ጋደም ሲሉም ከልብዎ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።"

"ከልቤ?" አሉ እትዬ ካውያ። "ዕድሜውን ሁሉ ከታች ሲታዘዘኝ የኖረ እግር ዛሬ በልቤ ላይ ሊሾም?"

ሐኪሟ አልሳቀችም። "ካልሆነ ቁስሉ ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ያኔ የምናወራው ስለ ፋሻ አይሆንም።"

ባለላውንደሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን መተኮሻ ጠረጴዛው ባዶውን ሊውል አይችልም። የቀረው መንገድ ሁለት ነበር። ወይ የሕክምና ቦርድ አይቶ የጤና ጉድለት አበል ይፈቅድላቸዋል፣ ወይ የሕመም እረፍታቸው ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው ይቆማሉ። እኔ አለሁልሽ ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አንተ መጀመሪያ ለራስህ ኮሌታ ኑርለት" አሉኝ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቦርዱ እምቢ ካለ እትዬ ካውያ ይቆማሉ፤ ከቆሙ እግሩ አለቀለት።

ቅጹን የምሞላው እኔ ሆንኩ። ርዕሱን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የማን ጉድለት?"

"ያንቺ፣ እትዬ። ስሙ ነው እንዲህ የሚባለው።"

"እኔ የሰው ልብስ ጉድለት አይቼ የምመልስ ሴት ነኝ። ይሁን፣ ቀጥል።"

"ያለ እረፍት ምን ያህል ጊዜ መቆም ይችላሉ?"

"ሥራው እስኪያልቅ።"

"እትዬ!"

"ታዲያ ሥራው ሳያልቅ ጥዬ ልሂድ?"

"ምን ያህል ርቀት መራመድ ይችላሉ?"

"ወዴት ነው የምንሄደው?"

"ደረጃ መውጣትስ?"

"የማን ቤት ነው? ሳይጠሩኝማ የሰው ደረጃ አልወጣም።"

የጻፍኩትን "አልችልም" ሁሉ አንድ በአንድ አሰረዙኝ። በስንት ልመና ሦስት ቦታ ላይ "አልፎ አልፎ ይከብደኛል" እንድል ፈቀዱልኝ፤ እሱንም "በእርሳስ አድርገው" ብለው ተከራክረውኝ ነበር። ቢሻላቸው ለማጥፋት እንዲመች ነው።

የቦርዱ ቀን ሲቃረብ እትዬ ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐኪሟን ትእዛዝ አከበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ እግራቸውን ሦስት ትራስ ላይ ሰቅለው ተኙ። እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ ተመስገን አልኩ። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ።

"ሦስት ሐኪም ሊያየው አይደል? እንዲህ እንደተነፋ ሰው ፊት ይቀርባል እንዴ?"

እግራቸውን አጠቡት፣ ቅባት ቀቡት። ፋሻውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ተኮሱት። አዎ፣ ፋሻ ተኮሱ! ቀጠሮው ደግሞ በማለዳ ነበር። ቦርዱ ፊት የቀረበው እግር ሙሽራ እንጂ በሽተኛ አይመስልም፤ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ቁስሉም በሁለት ቀን እረፍት ደረቅ ብሏል። ሰብሳቢው ፀጉራቸው የነጣ፣ የደከማቸው የሚመስሉ ሐኪም ናቸው።

"እንዴት ነዎት?"

"ደህና! ምን ሆኜ?"

"ያምዎታል?"

"የማያመው ማን አለ?"

"ቁስሉስ?"

"ኧረ እሷ ቁስልም አትባል።"

እስከ በሩ እንዲራመዱ ጠየቋቸው። ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ቀጥ ብለው ሄዱ፣ ቀጥ ብለው ተመለሱ። ሲመለሱ እግረ መንገዳቸውን የሰብሳቢውን ጋውን ኮሌታ አቃኑላቸውና "ከመሃል ወደ ጫፍ ነው የተኮሱብዎት፤ ቢቆጧቸው ጥሩ ነው" አሏቸው። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ቅጹን አጣጥፌ ልውጠው ምንም አልቀረኝም።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። "ለሥራ ብቁ ናቸው" ይላል። ሳነብላቸው ደረታቸው ተነፋ።

"ብቁ! ሰማህ? ሦስት ሐኪም ፈርሞበት!"

ግድግዳው ላይ የሚሰቀልበትን ቦታ መረጡ፤ ሚስማር አመጡ። መዶሻውን አንስተው ሊመቱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እረፍታቸው ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። መዶሻውን አስቀመጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ካውያ፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ ተቀመጡ።

"እንግዲህ መመለስ ነዋ" አሉ። እጃቸው ሳያውቁት ወርዶ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዟል።

ፈራሁ። እሳቸውም መፍራታቸውን አየሁ፤ ይህን ፊት ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም።

ይግባኝ ይቻላል ተባልን። ሐኪሟ የሆነውን ስነግራት ግንባሯን በእጇ ያዘች። "የዚህ በሽታ እግር ጠዋት ሌላ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ሁለት ቀን ከፍ ብሎ የተኛ እግር ምን ሊያሳይ ነው?" የአልትራሳውንዱን ውጤትና ደብዳቤ ጨምራ ሰጠችንና እትዬ ካውያን ዓይን ዓይናቸውን እያየች መከረቻቸው። "ከሰዓት በኋላ ይቅረቡ። ሲጠይቁዎት እውነቱን ይንገሯቸው። ፋሻውን ደግሞ አይተኩሱ።" የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ደገመችላቸው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ከምሳ በኋላ ሆነ። የመጠበቂያው ክፍል በሰው ተሞልቷል። ተሻምቼ ወንበር ያዝኩላቸው፤ ለአንድ ሽማግሌ ለቀቁ። ሌላ ያዝኩላቸው፤ ለነፍሰ ጡር ለቀቁ። ሦስተኛውን አንድ ደረቱ የበር ስፋት ላለው ጎረምሳ ለቀቁለት። "እትዬ፣ ይሄ ምን ሆነ?" ብላቸው "አዛጋ እኮ" አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ስንጠራ የግራ እግራቸው ከጫማው አፍ ላይ ገንፍሎ፣ ፋሻው ረጥቦ ነበር።

ሰብሳቢው ፋሻው ሲፈታ ጠጋ ብለው አዩ።

"ይህ ባለፈው ያየሁት እግር ነው?"

"ሌላ የለኝም" አሉ እትዬ ካውያ።

"መቼ ነው የቆሰለው?"

"አሁን በቅርቡ ነው። ምንም አይደል።"

"ኧረ ወራት አልፎታል!" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ክፋት አልነበረባቸውም። "ሊሆን ይችላል። ዛሬ እግሩ መጥፎ መሆኑን እያየሁ ነው። ግን የአንድ ቀን እግር አይበቃንም። የሐኪሟ ደብዳቤ የሁለት ወር ብቻ ነው። ቁስሉ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደቆየ የሚያሳይ መዝገብ የለም።"

"ምን የለም?" አሉ እትዬ ካውያ።

"መዝገብ።"

ድምፃቸው ተለወጠ። "እኔ? እኔ መዝገብ የለኝም?"

ስለ እግራቸው ምንም ቢባል ዝም ይሉ ነበር፤ ይህን ግን አላለፉም። ቦርሳቸውን ከፈቱና በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። የላውንደሪው አይደለም፤ እኔም አይቼው አላውቅም። ሽፋኑ ላይ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ተሰፍታለች።

"እድፉ ያለበት ቦታ መዝገቡ አብሮ ይሄዳል። ደንቡ ነው" አሉና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሰብሳቢው ገለጡት። በየቀኑ ተጽፏል፤ አንድም ቀን አልተዘለለም። "ግራ እግር፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ በውስጥ በኩል። ቡናማ። ሁለት ቁልፍ። አይለቅም።" ሌላ ቀን፣ "ሁለት ቁልፍ ተኩል። ካልሲ አርጥቧል።" ሌላ ቀን፣ "አንድ ቁልፍ። ሊድን ነው መሰል።" ከዚያ፣ "ተመልሶ ተከፈተ። ሦስት ቁልፍ። ሙሉ ቀን ተቁሟል። እንቅልፍ የለም። ለማንም አልተነገረ።" ስምንት ወር፣ በዚያ በተመጠነ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። እኔ በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ስንቴ "እንዴት ነሽ?" ብያቸው ስንቴ "ምን ሆኜ?" እንዳሉኝ አሰብኩ።

ሰብሳቢው ማስመሪያ አምጥተው ሽፋኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ለኩ። በወረቀታቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆዩና ቀኑን አመሳከሩ፤ የመጀመሪያው ቦርድ ቀን ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

"አንድ ቁልፍ ተኩል። ደረቅ። እብጠት የለም። እግሬ ዛሬ በሰው ፊት ዋሸ። ከእኔ ነው የለመደው።"

እትዬ ካውያ የገዛ ጫማቸውን ያያሉ።

"እናቴ" አሉ ሰብሳቢው፣ ደብተሩን በቀስታ ዘግተው። "አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎት። ለእንግዳ እንደሚመልሱት ሳይሆን ለመዝገቡ እንደሚጽፉት ይመልሱልኝ። ቆመው መዋል ይችላሉ?"

ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ግን የምረዳቸው ነገር አልነበረም። በዕድሜያቸው ከተኮሱት ልብስ ሁሉ ይህቺ አንዲት ቃል ከብዳቸዋለች።

"አልችልም" አሉ።

ሰብሳቢው ከጠረጴዛቸው ላይ ያገኙትን እርሳስ አንስተው ሊጽፉ ሲሉ እትዬ ካውያ እጃቸውን ዘረጉ።

"በእርሳስ አይደለም። በእስክሪብቶ ይጻፉት።"

ብዙ ጀግና አይቻለሁ ብዬ አልዋሽም። ያን ቀን ግን አንድ አየሁ፤ የእናቴ እህት በመሆናቸውም እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ስንወጣ ክንዴን ያዙ። በዕድሜዬ ሙሉ ክንዴን ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው፤ በእርግጥ "ደረጃው ሰነፍ ሰው የሠራው ነው" የሚል ምክንያት አልጠፋቸውም።

አበሉ ተፈቀደ። "ለሥራ ብቁ ናቸው" የሚለው የድሮው ደብዳቤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አዲሱ ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ለእሳቸው ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ልከራከራቸው አልፈልግም። ክብርት እትዬ ካውያ አሁን አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ እግራቸውን በሦስት ትራስ ከልባቸው በላይ ሾመው፣ ከዚያ ሆነው ያዝዛሉ። ቁስሉ ባለፈው ሳምንት ግማሽ ቁልፍ ደርሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካውያዬንና ሸሚዞቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። "ጫፍ! ከጫፍ አልኩህ! አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮሌታ ምን አደረገህ?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሸሚዝ መተኮስ ከተማርኩ ቆይቷል፤ እንደውም አይከፋኝም። ቅዳሜ ጠዋት የተተኮሱትን ከቁም ሳጥን አውጥቼ በእጄ ጨምድጄ ነው የምወስድላቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ነጩን ሸሚዜን ዘርግቼ፣ ካውያውን ኮሌታው ጫፍ ላይ አሳርፌ፣ እንደ ልማዴ መልሱን ሳልጠብቅ "እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ?" አልኳቸው።

"ዛሬስ አሞኝ ነው የዋልኩት" አሉ።

ዞሬ አየኋቸው። አላፈሩም፣ አልሸሹም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደነገረኝ ሰው ያዩኛል። እኔ ግን ዓይኔ ሞልቶ ቆሜ ቀረሁ፤ እጄን ረስቼው።

"አንሳው! ካውያውን አንሳው!"

ሳነሳው ረፍዶ ነበር። ኮሌታው ጨሰ። እትዬ ካውያ ሸሚዙን አስቀርበው አገላበጡትና ደብተራቸውን ከትራሱ ሥር አወጡ። እየጻፉ አነበቡልኝ፦ "ነጭ ሸሚዝ። ኮሌታ ላይ የካውያ ቃጠሎ። አንድ ቁልፍ። አይለቅም። በእህቴ ልጅ እጅ፣ ስለ እኔ ደንግጦ።"

ያን ሸሚዝ አልጣልኩትም። አሁንም፣ ይህን ስጽፍ፣ ለብሼዋለሁ።